ከዋይት ሐውስ በፊት፦ ስለ ኦባማ የስፕሪንግፊልድ ዓመታት የጠየቃችሁኝ

ስለ ፕሬዚዳንት ኦባማ ያልተባለ ነገር የለም። ከዚያ በፊት ግን ለስምንት ዓመት ገደማ የኢሊኖይ ስቴት ሴናተር ነበር። ይህን ብዙ ሰው በአንድ መስመር ዘሎት ያልፋል። እኔን ደግሞ ከሁሉም የሚስበኝ ያ ጊዜ ነው። ቆንጆ ንግግር ብዙም የማይጠቅምበት፣ የድጋፍ ፊርማ፣ የምርጫ ክልል ካርታና የድምፅ ቆጠራ የሚወስኑበት ዓለም ነው። ጥያቄ ካላችሁ ወዲህ በሉ ብዬ ነበር፤ ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ከመጀመሪያው ግራ ገባኝ። ሴኔት ዋሽንግተን ያለው አይደለም እንዴ? ሁለት ሴኔት አለ?

ሁለት ብቻ? ሃምሳ አንድ አለ። ሃምሳውም ስቴቶች የራሳቸው ሴኔት አላቸው። ከነብራስካ በቀር ሁሉም ከሴኔቱ ሌላ የታችኛው ምክር ቤትም አላቸው። የኢሊኖይ ሴኔት 59 መቀመጫ አለው፣ የታችኛው ምክር ቤት ደግሞ 118። የሚሰበሰቡት ቺካጎ አይደለም፤ ከቺካጎ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ስፕሪንግፊልድ ነው። አብርሃም ሊንከንም በ1830ዎቹ የኢሊኖይ ምክር ቤት አባል ነበር።

ሜሪላንድ የምትኖሩ አናፖሊስን አስቡ፤ ቨርጂኒያ ያላችሁ ሪችመንድን። የትምህርት ቤት በጀት፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የፖሊስ ሥልጣን፣ የወንጀል ሕግ፣ አብዛኛው ኑሯችሁን የሚነካ ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው። እኛ አበሾች ግን ስለ ዋሽንግተን ሌሊቱን ሙሉ እንከራከርና የራሳችንን ስቴት ሴናተር ስም አናውቅም።

ሥራው ዓመቱን ሙሉ ሰው አያስርም። ኦባማም ጎን ለጎን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምር ነበር።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የገባው? ሀብታም አልነበረ፣ የቺካጎም ልጅ አይደለ።

ይሄኛው ጥሩ ታሪክ ስለሆነ ዘለግ አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ኦባማ ቺካጎ የመጣው በ1985 ነው። በደቡብ ቺካጎ ሰፈሮች ነዋሪዎችን የሚያደራጅ ሠራተኛ ሆኖ ነበር። በ1988 ወደ ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ሄደ፤ በ1990 የትምህርት ቤቱ የሕግ መጽሔት የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆነ። ሲመለስ በ1992 የመራጮች ምዝገባ ዘመቻ መራ። በዚያ ዘመቻ 150,000 ያህል ሰው ተመዘገበ። ስሙ በፖለቲከኞች ዘንድ መታወቅ የጀመረው ያኔ ነው።

በ1995 የደቡብ ቺካጎ የኮንግረስ አባል የነበረው ሜል ሬይኖልድስ በወንጀል ተፈረደበትና ወንበሩን ለቀቀ። ያንን ቦታ ከፈለጉት አንዷ የ13ኛው የሴኔት ክልል ስቴት ሴናተር አሊስ ፓልመር ነበረች። ወደ ኮንግረስ ልሂድ ስትል የስቴት ወንበሯ ክፍት ሊሆን ነው። ኦባማን ደገፈችው፤ ከሰዎቿ ጋር አስተዋወቀችው። እሱም በመስከረም 1995 ሃይድ ፓርክ ሰፈር ውስጥ ባለ ሆቴል ዕጩነቱን አስታወቀ።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። በኅዳር መጨረሻ በተደረገው ልዩ የፓርቲ ቅድመ ምርጫ (ፓርቲው ዕጩውን የሚለይበት ምርጫ ነው) ፓልመር ሦስተኛ ወጣች። ያሸነፈው የታዋቂው የጄሲ ጃክሰን ልጅ ነው። ሁለተኛ የወጣው ኤሚል ጆንስ ይባላል፤ ይህን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል። የፓልመር ደጋፊዎች ወደ ኦባማ ሄደው፣ ቦታውን ልቀቅላትና አንተ ገና ወጣት ነህ፣ ጊዜህን ጠብቅ አሉት። አልለቅም አለ።

ፓልመር ተመልሳ ለዚያው ወንበር ለመወዳደር ወሰነች። ለመመዝገብ ግን የድጋፍ ፊርማ ያስፈልጋል። ሕጉ የሚጠይቀው 757 ትክክለኛ ፊርማ ነበር። ማስገቢያው ቀን በታኅሣሥ አጋማሽ ስለሆነ ሰዎቿ ተሯሩጠው በጥቂት ቀን ውስጥ 1,580 ያህል ሰበሰቡ። ከሚፈለገው ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ይበቃል ትላላችሁ አይደል?

የኦባማ ሰዎች ቺካጎ ምርጫ ቦርድ ቢሮ ሄደው ፊርማዎቹን አንድ በአንድ መመርመር ጀመሩ። ይሄ ሰው በዚህ ክልል አይኖርም። ይሄኛው በመራጭነት አልተመዘገበም። ይሄኛው ፊርማ ሳይሆን ስሙን በማተሚያ ፊደል ነው የጻፈው። ፊርማውን የሰበሰበው ሰው ራሱ ሥልጣን የለውም። እንዲህ እያሉ ሲያጣጥሉ ፓልመር ከሚፈለገው 200 ያህል ጎደላት። ዕጩነቷን ተወች። ኦባማ እዚያ ላይ አላቆመም፤ ሌሎቹን ሦስት ተወዳዳሪዎችም በዚሁ መንገድ አስወጣቸው። አንደኛው 1,899 ፊርማ አስገብቶ 69 ጎደለው ተባለ።

ስለዚህ በመጋቢት 1996 የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ሲደረግ በወረቀቱ ላይ የነበረው ስም አንድ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይሄ ነውር አይደለም ወይ? በሩን የከፈተችለት እኮ እሷ ናት።

እህቴ፣ እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ቅር ብሎኝ ነበር። በእኛ ባህል ውለታ ከባድ ነገር ነው። ግን ሁለቱንም ወገን እንየው። እሷ ወንበሩን እለቃለሁ ብላ ቃል ሰጥታ ነበር፤ እሱም ያንን አምኖ ገንዘብ ሰብስቧል፣ ሰው አሰልፏል። ፊርማ ማጣራት ደግሞ በቺካጎ አዲስ ነገር አይደለም፤ የከተማው ፖለቲካ የድሮ ጨዋታ ነው። ሕገ ወጥም አይደለም።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ እንዲመርጥ ሲመዘግብ የኖረ ሰው፣ የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው መራጩ አማራጭ እንዳይኖረው በማድረግ ነው። እሱ ራሱ በኋላ ስለዚህ ሲጠየቅ ሕጉ የሚለውን ነው ያደረግሁት ብሎ ተከራከረ። ትክክል ነው። ቅሬታውን ግን አያጠፋውም። ፓልመርም አልረሳችውም መሰለኝ፤ በ2008 የፕሬዚዳንት ምርጫ የደገፈችው ተቀናቃኙን ሂላሪ ክሊንተንን ነው።

ጥያቄ፦ ወሬውን ተውና ቁጥሩን ስጠን። ስንት ስንት አገኘ?

እሺ። በኅዳር 1996 ኦባማ 48,592 ድምፅ አገኘ፣ 82.2 በመቶ ማለት ነው። ሁለተኛው የሃሮልድ ዋሽንግተን ፓርቲ ዕጩ 12.6 በመቶ፣ የሪፐብሊካኗ ዕጩ 5.2 በመቶ። ሃሮልድ ዋሽንግተን የቺካጎ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ነው፤ ፓርቲው በስሙ የተሰየመ ትንሽ ፓርቲ ነበር። በሪፐብሊካን ስም መወዳደር እዚያ ሰፈር ምን ያህል ከንቱ እንደነበር ከዚህ እዩ፤ ሦስተኛ ነው የሚያስወጣው።

በ1998 45,486 ድምፅ፣ 89.2 በመቶ። በ2002 ተቀናቃኝ አልነበረውም፤ 48,717 ሰው መረጠው። ቃለ መሐላ የፈጸመው ጥር 8 ቀን 1997 ነው፣ የለቀቀው ኅዳር 4 ቀን 2004።

ጥያቄ፦ 82፣ 89፣ ከዚያ ብቻውን! እኛ አገር እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነገር እንስቅ የለ እንዴ?

ሃሃ፣ ይህን የሚጠይቅ ሰው እንደማይጠፋ አውቄ ነበር።

ልዩነቱ ይሄ ነው። ድምፁ በትክክል ተቆጥሯል፤ ማንም አልታሰረም፣ ታዛቢ አልተባረረም። ግን ውድድሩ ያለቀው ከምርጫው ቀን በፊት ነው። የ13ኛው ክልል ዴሞክራቶች የሞሉበት ነው፤ እውነተኛው ፍልሚያ የፓርቲው ቅድመ ምርጫ ነው። እዚያ ደግሞ ብቻውን ነበር። ስለዚህ 82 በመቶው ስለ ክልሉ እንጂ ስለ ኦባማ ተወዳጅነት ብዙ አይነግረንም። ሰዎች የምርጫ ውጤቱን እየጠቀሱ ገና ከጅምሩ ሕዝብ ይወደው ነበር ሲሉ ፈገግ እላለሁ።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሐምሌ 2015 ኦባማ አዲስ አበባ መጣ፤ በሥልጣን ላይ እያለ ኢትዮጵያን የጎበኘ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። ከሁለት ወር በፊት በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ጠራርገው ወስደው ነበር። እሱ ግን መንግሥቱን በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ ብሎ ጠራው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ያን ቀን አዝኗል። እኔም አዝኛለሁ። ባዶ ሜዳ ላይ ማሸነፍ ምን ማለት እንደሆነ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ እንግዳ አልመጣልንም ነበር።

ጥያቄ፦ ተሸንፎ ያውቃል?

አንድ ጊዜ። ግን ሲሸነፍ እንዴት ተሸነፈ መሰላችሁ!

በ2000 ስፕሪንግፊልድ ጠበበችው። የኢሊኖይ 1ኛ የኮንግረስ ክልል ተወካይ የነበረውን ቦቢ ራሽን ልገዳደር አለ። ራሽ ማን ነው? በወጣትነቱ ለጥቁሮች መብት ይታገል የነበረው የብላክ ፓንተር ንቅናቄ መሪ፣ ከ1992 ምርጫ ጀምሮ ኮንግረስ የነበረ፣ ደቡብ ቺካጎ እንደ ዘመድ የሚያውቀው ሰው ነው። በ1999 መጀመሪያ ለከንቲባነት ተወዳድሮ በሪቻርድ ዴሊ ክፉኛ ተሸንፎ ስለነበር ኦባማ ደክሟል ብሎ ገመተ። ግምቱ ላይ ላዩን ሲታይ ሞኝነት አልነበረም። ከንቲባ እንዲሆን ያልመረጠው ሕዝብ ግን ኮንግረስ ውስጥ አልፈለገውም ማለት አልነበረም።

ከዚያ መጥፎው ነገር ሁሉ ተደራረበ። በጥቅምት 1999 የራሽ ወንድ ልጅ በጥይት ተገደለ። ከተማው አብሮት አለቀሰ። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰውየውን መንቀፍ ይቻላል? በታኅሣሥ ደግሞ የኢሊኖይ ሴኔት የጦር መሣሪያን የሚመለከት ትልቅ ሕግ ላይ ድምፅ ሊሰጥ ተጠራ። ኦባማ ለገና በዓል አያቱ ጋ ሃዋይ ነበር። ሕፃኗ ልጁ ታመመችና በጊዜው አልተመለሰም። ሕጉ በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ጋዜጦች ወረዱበት። ልጁ በጥይት ከሞተበት ሰው ጋር እየተወዳደርክ የጦር መሣሪያ ሕግ ሲወድቅ ሃዋይ መገኘት፣ ከዚህ የከፋ ነገር አማካሪ ቢቀጠር አይፈጥረውም።

በዚያ ላይ ሌላ ወሬ ነበር። ሃርቫርድ የተማረ፣ ሃይድ ፓርክ ከፕሮፌሰሮች ጋር የሚኖር፣ ከእኛ ያልሆነ ተባለ። የጥቁርነቱ ነገር ሳይቀር ተጠየቀ። ይህ ክልል ከ1928 ምርጫ ጀምሮ ሳያቋርጥ ጥቁር ተወካይ ወደ ኮንግረስ የሚልክ ነው፤ ሰዉ የራሱን ሰው ለይቶ ያውቃል። ፕሬዚዳንት ክሊንተንም ለራሽ በሬዲዮ ማስታወቂያ ቀሰቀሰለት።

ውጤቱ፦ ራሽ 59,599፣ ኦባማ 29,649። 61 ለ30 በመቶ። ሦስተኛው ስቴት ሴናተር ዶን ትሮተር 7 በመቶ ወሰደ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ሎስ አንጀለስ የፓርቲው ጉባኤ ላይ ሊገኝ ሄደ። አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ሊከራይ ክሬዲት ካርዱን ሲሰጥ አልሠራም ተባለ። አዳራሹ ወለል ላይ የሚያስገባ መታወቂያም አላገኘም። ይህን ራሱ ነው የተናገረው። ከአራት ዓመት በኋላ የዚያው ጉባኤ ዋና ተናጋሪ ሆነ።

ጥያቄ፦ ራሽ በኋላ ቂም ያዘበት?

አልያዘም። በ2008 ደግፎታል። እሱም እስከ ጥር 2023 ኮንግረስ ቆየ። ኦባማን በምርጫ ያሸነፈ ብቸኛው ሰው ተብሎ ነው የሚጠራው፤ ጥሩ ማዕረግ ነው።

ጥያቄ፦ ካርታ ካርታ ትላለህ። ካርታው ምን አደረገለት?

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ብዙ ሰው የኦባማ ዕድል የተቀየረው በ2004 ንግግሩ ነው ይላል። እኔ በ2001 ካርታ ነው እላለሁ።

አሜሪካ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጥራል፤ ከዚያ የምርጫ ክልሎች ድንበር እንደገና ይሰመራል። በኢሊኖይ ሁለቱ ፓርቲዎች መስማማት ካቃታቸው ሕገ መንግሥቱ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? ዕጣ ይውጣ ነው የሚለው። የእውነት ዕጣ፤ ስም ተጽፎ የሚወጣ። የወጣለት ፓርቲ ኮሚሽኑ ውስጥ አብላጫ ይይዝና ካርታውን እንደፈቀደ ይሥላል። የዚያን ያህል ሕዝብ ያለው ስቴት የአሥር ዓመት ፖለቲካ በዕቁብ ዓይነት ይወሰናል። በ2001 ዕጣው ለዴሞክራቶች ወጣ።

ኦባማ ከሽንፈቱ ማግስት ነው። ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ካርታ ከሚሥሉት የፓርቲው ባለሙያዎች ጋር ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የራሱን ክልል እንዲሁ አስተካከለ። የድሮው 13ኛ ክልል ከሃይድ ፓርክ ወደ ምዕራብ ወደ ድሃ ጥቁር ሰፈሮች የሚዘረጋ ነበር። አዲሱ የሐይቁን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን ወጣ፤ መሐል ከተማውን አልፎ የቺካጎ ባለጸጎች እስከሚኖሩበት ጎልድ ኮስት ድረስ። ጥቁር መራጩ አሁንም ብዙ ነው፤ ግን አብረውት ሀብታም ነጭ ሊበራሎች፣ ነጋዴዎች፣ ለዘመቻ ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች ገቡ። ለመላው ስቴት መወዳደር ለሚፈልግ ሰው ይህ ወርቅ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም የባሰ ነው። በአዲሱ ካርታ በ2002 ምርጫ ዴሞክራቶች ከአሥር ዓመት በኋላ ሴኔቱን ተቆጣጠሩ። ኦባማ ከአናሳ ወገን ወደ ገዢው ወገን ተሻገረ።

ጥያቄ፦ በአናሳ ወገን እያለ ምን ሠራ? ወይስ ተቀምጦ ደመወዝ ይበላ ነበር?

ስድስት ዓመት ሙሉ አናሳ ነበር። አናሳ ሆኖ ስፕሪንግፊልድ መቀመጥ ከባድ ነው። የሪፐብሊካኖቹ መሪ ያልወደደው ረቂቅ ኮሚቴ ውስጥ ይቀበራል፤ ለድምፅ እንኳ አይቀርብም።

ያም ሆኖ በ1998 አንድ ጥሩ ሕግ አሳልፏል። የሕዝብ ተመራጮች ከጉዳይ አስፈጻሚዎች (ከሎቢስቶች) ስጦታ እንዳይቀበሉ የሚገድብ፣ የዘመቻ ገንዘብን ለግል ጥቅም ማዋልን የሚከለክል ሕግ ነው። ሴኔቱ 52 ለ4 አጸደቀው። በኢሊኖይ ታሪክ ይህ ቀላል አይደለም፤ ገዥዎቻቸው እስር ቤት ሲገቡ የምንሰማው ከዚያ ስቴት ነው። ከሪፐብሊካኑ ኪርክ ዲላርድ ጋር ተባብሮ ነው የሠራው። የገዛ ፓርቲው ባልደረቦች ግን ገና መጣሁ ሳይል ኪሳችንን ዳበሰው ብለው ብዙም አልወደዱለትም።

ጥያቄ፦ ከ2003 በኋላስ? እባክህ አንድ ሁለቱን በደንብ አብራራልን፤ ዝርዝር አያስፈልገንም።

ደስ ይለኛል። የምመርጠው የምርመራ ቪዲዮውን ሕግ ነው።

ኢሊኖይ በሞት ፍርድ ጉዳይ ክፉኛ ተዋርዳ ነበር። የሞት ቅጣት ከተመለሰበት ከ1977 ጀምሮ 12 ሰው ተገድሏል፤ በዚያው ጊዜ ሞት ተፈርዶባቸው ከቆዩ ሰዎች መካከል 13ቱ ጥፋተኛ አይደሉም ተብለው ወጥተዋል። ከተገደለው ነፃ የወጣው በለጠ። ሪፐብሊካኑ ገዥ ጆርጅ ራያን በጥር 2000 ግድያውን አስቆመ፤ ሥልጣን ሊለቅ ሲል በጥር 2003 የ167 ሰዎችን የሞት ቅጣት ቀየረ። ከስህተቶቹ ብዙዎቹ የመጡት በግድ ከተገኘ የእምነት ቃል ነው። ቺካጎ ውስጥ ፖሊሶች ተጠርጣሪ ያሰቃዩበት ታሪክ የታወቀ ነው።

የኦባማ ረቂቅ በነፍስ ግድያ የተጠረጠረ ሰው ሲመረመር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቀረጽ የሚል ነበር። ፖሊሶች ተቃወሙ። ዐቃብያነ ሕግ ተቃወሙ። አዲሱ ገዥ ሮድ ብላጎየቪች እንኳ፣ ዴሞክራት ሆኖ ሳለ፣ መጀመሪያ አልፈለገውም። ኦባማ ያደረገው ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ቃል በቃል መደራደር ነው። መቅረጫው እናንተንም ከሐሰት ክስ ያድናችኋል አላቸው። ሴኔቱ 58 ለ0 አጸደቀው። ገዥውም በሐምሌ 2003 ፈረመ። አላስካና ሚኒሶታ ቀድመው በፍርድ ቤት ውሳኔ ይቀርጹ ነበር፤ በሕግ የደነገገች የመጀመሪያዋ ስቴት ግን ኢሊኖይ ናት።

ሌላው የትራፊክ ሕጉ ነው። ፖሊስ መኪና ባስቆመ ቁጥር የሹፌሩን ዘር መዝግቦ ለስቴቱ እንዲያሳውቅ ያዛል። ቆዳን አይቶ ማስቆም አለ የለም የሚለውን ክርክር በቁጥር ለመፍታት ነው። ቺካጎ ታክሲ የነዳ አበሻ ትርጉሙ ሳይነገረው ይገባዋል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የታክስ ተመላሽም አስፋፍቷል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ሕግ በአንድ ጊዜ? ዘመድ ነበረው እንዴ?

ነበረው ማለት ይቻላል። ኤሚል ጆንስን ያዙልኝ ብዬ አልነበር? በጥር 2003 የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆነ። ኦባማ ሄዶ፣ አሁን ሥልጣን በእጅህ ነው፣ የአሜሪካ ሴናተር ማድረግ ትችላለህ አለው። ማንን ሲለው፣ እኔን። ጆንስ ራሱ ይህን ደጋግሞ ያወራል።

ከዚያ በኋላ ጆንስ ትልልቆቹን ረቂቆች በኦባማ ስም እንዲቀርቡ አደረገ፤ የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሊቀ መንበርነቱንም ሰጠው። ዓመታት የለፉበትን ረቂቅ የተነጠቁ ባልደረቦች አጉረመረሙ። ተገቢ ማጉረምረም ነው። ግን የምርመራውን ቪዲዮ ሕግ ሌላ ሰው ቢይዘው 58 ለ0 ያልፍ ነበር ብዬ አላምንም። ዕድሉን ጆንስ ሰጠው፤ ሥራውን የሠራው ግን ራሱ ነው።

ጥያቄ፦ "ፕሬዘንት" እያለ ከድምፅ ይሸሽ ነበር ይባላል። እውነት ፈሪ ነበር?

ኢሊኖይ ውስጥ ሦስት ቁልፍ አለ። አዎ፣ አይ፣ እና አለሁ ወይም ፕሬዘንት። ኦባማ ከ4,000 ገደማ ድምፆች 129ኙን ፕሬዘንት ብሏል። በጥር 2008 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩነት የሚፎካከሩት ሂላሪ ክሊንተንና ጆን ኤድዋርድስ በቴሌቪዥን ክርክር ላይ በዚህ አጣደፉት።

አንድ ነገር ግን አልተናገሩም። ሕግ ለማለፍ ከ59ኙ 30 አዎ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ፕሬዘንት ማለት በተግባር ከአይ ጋር እኩል ነው። አንዳንዱን በውርጃ ጉዳይ ከሚሟገቱ ድርጅቶች ጋር ተመካክሮ ያደረገው ነው፤ ወንበራቸው የሚያሰጋቸው ሴናተሮች ብቻቸውን አይ ብለው እንዳይጋለጡ በጋራ ፕሬዘንት ይሉ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለነገ የፖለቲካ ጥንቃቄ ይመስላል። 129ኙም ፍርሃት ናቸው የሚል አያሳምነኝም፤ አንዳቸውም አይደሉም የሚልም አያሳምነኝም።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ምን ይሠራ ነበር?

ፖከር። ከሴናተር ቴሪ ሊንክ ጋር የጀመሩት የሳምንት ጨዋታ ነበር፤ ሪፐብሊካንም ጉዳይ አስፈጻሚም ይመጣል። አብረውት የተጫወቱ ሰዎች ቁጥብ ተጫዋች ነው ይሉታል፤ ካርዱ ካላማረው ወዲያው ይተዋል።

ጥያቄ፦ የኢራቅን ጦርነት የተቃወመው ስቴት ሴናተር ሆኖ ነው?

አዎ። ጥቅምት 2 ቀን 2002፣ ቺካጎ ፌዴራል ፕላዛ ላይ። በጉዳዩ ድምፅ የመስጠት ሥልጣን አልነበረውም። በዚያው ወር ሂላሪ ክሊንተን በአሜሪካ ሴኔት ለጦርነቱ ፈቃድ ድጋፏን ሰጠች። በ2008 የጠቀመው ይህ ልዩነት ነው። ሥልጣን ስለሌለው ቀለለው የሚሉ አሉ፤ ትንሽ እውነት አለው። ግን ለአሜሪካ ሴኔት ሊወዳደር ያሰበ ሰው በዚያ ሰዓት ጦርነት መቃወሙ ነፃ ዕቃ አልነበረም።

ጥያቄ፦ የ2004ቱ የአሜሪካ ሴኔት ድል እውነተኛ ነበር ወይስ ያም ባዶ ሜዳ?

ግማሽ ግማሽ። ቅድመ ምርጫው እውነተኛ ነው። ሰባት ተወዳዳሪ ነበር። ብሌር ሃል የሚባል ባለጸጋ ከራሱ ኪስ 29 ሚሊዮን ዶላር ያህል አፈሰሰ። ዳን ሃይንስ የስቴቱ ባለሥልጣንና የፓርቲው መዋቅር ሰው ነበር። ኦባማ ግን በመጋቢት 2004 ወደ 53 በመቶ አገኘ፤ ሃይንስ 24፣ ሃል 11 ገደማ። በ2001 ካርታ ያገኛቸው የሐይቁ ዳር ገንዘብ ሰጪዎችና የደቡብ ቺካጎ መራጮች በአንድ ላይ ቆሙለት።

አጠቃላይ ምርጫው ሌላ ነው። የሪፐብሊካኑ ዕጩ ጃክ ራያን የፍቺው የፍርድ ቤት ሰነድ ሲገለጥ በሰኔ ወጣ። በነሐሴ አላን ኪይስን ከሜሪላንድ አስመጡ፤ ኢሊኖይ ኖሮ የማያውቅ ሰው። 70 ለ27 አለቀ። ኦባማ በሕዝብ ቀጥተኛ ምርጫ ሴናተር የሆነ ሦስተኛው ጥቁር ሆነ።

ጥያቄ፦ ከእኛ ሰው እንዲህ ያለ የስቴት ወንበር የያዘ አለ?

አለ። ኔቫዳ ውስጥ አሌክሳንደር አሰፋ በ2018 ለስቴቱ ምክር ቤት ተመርጦ ነበር፤ ላስ ቬጋስ ያለው ማኅበረሰብ በጣም ኮርቷል። በ2020 በድጋሚ ተመረጠ፤ በጥር 2021 ግን ከዘመቻ ገንዘብና ከመኖሪያ አድራሻ ጋር በተያያዘ ፖሊስ እየመረመረው ሳለ ወንበሩን ለቀቀ። ከጎረቤት ደግሞ ሶማሊያ የተወለደችው ኢልሃን ኦማር አለች። በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ ከ1972 ምርጫ ጀምሮ ወንበሯን ያልለቀቀችውን ፊሊስ ካንን በቅድመ ምርጫ አሸነፈች። አንድ ጊዜ አገልግላ ወደ ኮንግረስ አለፈች። ያ ታሪክ ለብቻው ይጻፋል።

ጥያቄ፦ ኦባማ ሲለቅ 13ኛውን ክልል ማን ያዘው?

ክዋሜ ራውል፤ የሃይቲ ስደተኞች ልጅ፣ ጠበቃ። በ2004 መጨረሻ ተሾመ፤ ከዚያም በተደጋጋሚ ተመረጠ። ኢሊኖይ የሞት ቅጣትን በ2011 ስትሰርዝ ሴኔቱ ውስጥ ረቂቁን የመራው እሱ ነው። ከጥር 2019 ጀምሮ የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው።